ጠፍር የያዘው ጣሪያ

«አጎቴ ውረድ! ኧረ ውረድ፣ ቤቱ ጮኸ!»

እጸገነት ከበረንዳው ዘላ ግቢው መሃል ቆመች። ማለቴ፣ ሲጢጥ ምናምን አይደለም፣ በቃ ጓ! ነው ያለው። ጣሪያው በግራ በኩል ዘመም ሲል በዓይኗ አየችው! የካዛንቺስ ስንቱ አሮጌ ቤት በዶዘር ሲጠረግ ይሄ የተረፈው እኮ ቅርስ ተብሎ ስለተመዘገበ ነው። እማማ ጀማነሽ ተወልደው ያረጁበት ቤት! ሶላር እንዲገጠምለት ሲፈቀድም «አንድ እንጨት እንዳይነካ» ተብሎ ነው።

ሶላር ገጣሚው አጎቷ ኦልጅራ አቧራ በአቧራ ሆኖ ወረደ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም። ሽቦው አላልፍ ሲለኝ እንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር ቆረጥኩት። የደረቀ ቆዳ እኮ ነው፣ እጹ!»

በረንዳው ላይ የነበሩት እማማ ጀማነሽ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። «አንተ ልጅ! ይሄ ጣሪያ መች ምስማር አለው? በጠፍር እኮ ነው የታሰረው!»

እጹ ክው አለች። ያ ሁሉ ቆርቆሮ፣ በዚያ ላይ ስድስት ፓኔል፣ በበሬ ቆዳ ታስሮ?!

«ስንት ቆረጥክ?»

«ሶስት… አራት።»

ወዲያው የቅርስ ተቆጣጣሪዋ መድኃኒት ሥራውን ልታይ በግቢው በር ገባች። ቀና ብላ ጣሪያውን ስታይ ፈገግታዋ ጥፍት አለ። «ምንድነው ይሄ?»

«ስንመጣም እንዲሁ ነበር!» አለ ኦልጅራ ፈጠን ብሎ። «ጠፍሩን አይጥ በልቶታል። አሮጊቷ መች ያስጠግኑታል!»

እንዴ! እጹ ጆሮዋን አላመነችም። ኦልጅራ? ሰፈሩ ሁሉ ቁልፉን ሰጥቶት የሚሄደው ኦልጅራ? እማማ ጀማነሽ ደረታቸውን መቱ።

መድኃኒት እስክሪብቶ አወጣች። «ባለቤቷ ካልጠበቁት ከመዝገብ ይሰረዛል።»

መሰረዝ ማለት ደግሞ ዶዘር ነው።

«አይጥ አይደለም!» የእጹ ድምፅ ቀጠነ። «ዛሬ ጠዋት እኛ ነን የቆረጥነው። እማማ ምንም አያውቁም!»

«እጹ! የሥራ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ነው እኮ! አብደሻል?»

እጹ ልታየው አልቻለችም።

«የቆረጠው ማን ይባላል?» አለች መድኃኒት።

«ኦልጅራ ቢቂላ።» ወደ ወረቀቱ ጠቆመች። «እጸገነት ብለውም ይጨምሩ። ሽቦውን ሳቀብለው የነበርኩት እኔ ነኝ።»