ማኅተም ያረፈበት ይቅርታ

ትሕትና ፌስቡክ ላይ ብሎክ ካደረገችኝ አሥራ አንድ ቀን ሆኖኛል። ስልኬን አታነሳም። በሰው ስልክ ስደውልላትም ድምፄን እንደሰማች ትዘጋዋለች። ሠርጓ ጥር መጨረሻ ላይ ነው፤ ሚዜዋ እኔ ነበርኩ። አሁንም መሆን አለመሆኔን አላውቅም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ትሕትና ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሦስት ዓመት ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የተኛች ጓደኛዬ ናት። ስንመረቅ እሷ ገሱባ፣ የወረዳ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፤ እኔ ሶዶ ቀረሁ። ገሱባ ሳለች ዳና ከሚባል የገጠር መምህር ጋር ተዋደዱ። ባለፈው ክረምት ለሥልጠና ሶዶ መጥታ እኛ ቤት ስታርፍ፣ ዳና ያለበት ቀበሌ ኔትወርክ ስለሌለ በሉክ ወረቀት ደብዳቤ ይልክላት ነበር። አንዱን አሳየችኝ። እንዲህ ይላል፦ «ትናንት ኔትወርክ ፍለጋ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ወጣሁ። ስልኬ አንድ መስመር አሳየኝና ጠፋ። ተመልሶ ይመጣል ብዬ እዚያው ቆሜ መሸብኝ።»

እሷ ፊቷን ታጥባ እስክትመለስ ፎቶ አነሳሁት። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ «በ2007 ዓ.ም. ደብዳቤ! ኔትወርክ የሌለው ፍቅር» ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ስሙን በአውራ ጣቴ የሸፈንኩ መስሎኝ ነበር። ጣቴ የሸፈነው ግን «ያንቺው» የሚለውን ብቻ ነው፤ «ዳና» ከሥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይክ አገኘሁ። ገሱባ ገበያ ወርደው ያዩት ተማሪዎቹም ስም አወጡለት፦ ቲቸር አንድ መስመር።

ፈቃድ ወስጄ ገሱባ ሄድኩ። አቧራ ለብሼ ስደርስ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ወደ ውስጥ ገብቶ ተመለሰ።

«ትሕትና የለችም» አለኝ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አዎ፤ ራሷ ናት ያለችኝ።»

ስለዚህ ደብዳቤ ልጽፍ ወሰንኩ። ሥራዬ መዝገብ ቤት ስለሆነ ደብዳቤ ብርቄ አይደለም። ቢሮ ውስጥ በአራት ደቂቃ ታይፕ አድርጌ ፕሪንት አወጣሁና በአባቴ ሱቅ በኩል አለፍኩ። አባቴ አብዱልመጂድ መነጽሩን አደረገ።

«ከውሰር፣ ሥራ ልትለቂ ነው እንዴ?»

«የይቅርታ ደብዳቤ ነው፣ አባዬ።»

«'ጉዳዩ፦ ይቅርታ መጠየቅን ይመለከታል' ይላል እኮ። ግልባጩስ ለማን ነው?»

«ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

«በእጁ የጻፈውን ሰው መሳቂያ አድርገሽ አንቺ በማሽን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ?» አለና ከመደርደሪያው ሉክ አውርዶ ወረወረልኝ።

በእጄ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፍኩት የመመረቂያ ፈተና ላይ ነው። ጽሑፌም እዚያው ቀርቷል፦ አምስት ደቂቃ ቀረ የተባለ ተፈታኝ ይመስላል። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቴ ዛለ። ስሳሳት የማጠፋበት ቁልፍ እፈልጋለሁ። አራት ሉክ ቀደድኩ። በአምስተኛው ላይ፣ ሌላ መቅደድ ስለሰለቸኝ ብቻ፣ እውነቱን ጻፍኩ፦ «ከላይኮቹ አንዱ የራሴ ነው። ለእኔ ኮረብታ ወጥቶ የሚመሽበት ሰው ስለሌለ ቀንቼ ነው የለጠፍኩት። ሠርግሽን ከፎቶ ላይ እንዳላየው።»

በማግስቱ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር አቶ አንጁሎ ለክትትል ወደ ገሱባ የሚሄድ ቡድን ይዞ ሊወጣ ሞተር አስነስቶ አገኘሁት። መጠበቅ አልወድም። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የቢሮ ፖስታ አንስቼ፣ ስሟንና መሥሪያ ቤቷን ጽፌ፣ አሽጌ፣ ሮጬ ሰጠሁት። ከማሸጌ በፊት እጄ እንደለመደው ማኅተም መትቶበታል። «በግል» የሚል ቃል ግን አልጻፍኩበትም። ማኅተም ያለበትንና «በግል» ያልተባለበትን ፖስታ መዝገብ ቤት ከፍቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ለኃላፊው ያቀርበዋል። ይህን ደንብ አሳምሬ አውቃለሁ፤ በቀን ሠላሳ ፖስታ የምከፍተው እኔ ነኝ።

አቶ አንጁሎ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ እየሳቀ በወላይትኛ ሰላም አለኝ።

«ሳሮ፣ ከውሰር! ቢሮው በሙሉ ሰላም ብሎሻል።»

«የቱ ቢሮ?»

«የገሱባው ነዋ። የራስሽን ፎቶ ራስሽ ላይክ ያደረግሽው አንቺ ነሽ አሉ?»

ፖስታውን ተቀበልኩት። ውስጡ ያለው የራሴ ሉክ ነው። አናቱ ላይ «ገቢ» ተብሎ ቁጥርና ቀን ተጽፎበታል። በኅዳጉ ላይ ኃላፊው በአረንጓዴ እስክሪብቶ መርተውታል፦ «ለወ/ሪት ትሕትና፦ ይቅርታው አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አይተሽ በአምስት ቀን ውስጥ ምላሽ እንድትሰጪበት።» ፊርማም የስም ማኅተሙ ቲተርም አለው። «ቀንቼ ነው» የሚለው ሥር ደግሞ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው በእርሳስ አስምሮበታል።

ሳል ያዘኝ። አቶ አንጁሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ዳና ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ የተሰማው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለመረዳት ቁጥር ያለው ደብዳቤ ያስፈለገኝ ሰው ነኝ።

የትሕትና መልስ ከታች ነበር፦

«ከእኔ በፊት አራት ሰው አንብቦታል። ሳቅኩ፤ ስለዚህ እኔ ቂሜን ጨርሻለሁ። የተለጠፈው ግን የእኔ ደብዳቤ አይደለም፣ የዳና ነው። ለእሱ ጻፊለት። በእጅሽ። ሚዜ መሆንሽን እሱ ይወስን።»

የዚያን ዕለት ማታ ከአባቴ ሱቅ ነጭ ፖስታ አነሳሁ።

«ይሄኛውስ ለማን ነው?» አለ አባቴ።

«ለባለቤቱ።»

ስለ ቅናቴ አልጻፍኩም፤ እሱ የእኔን ታሪክ አልጠየቀም። ፎቶውን እንዳጠፋሁት፣ በእሱ ቦታም የራሴን ደብዳቤ ከነ«ገቢ»ው፣ ከነአረንጓዴው እስክሪብቶ፣ ስሜን ሳልሸፍን እንደለጠፍኩት ነገርኩት። ሰባት መስመር ሆነ። ፖስታው ላይ «በግል» ብዬ በፊት ለፊቱም በጀርባውም ጻፍኩ። አቶ አንጁሎ ሲቀበለኝ «ማኅተሙስ?» አለኝ። ገልብጬ ጀርባውን አሳየሁት።

ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። ኢሜይል ዘጠኝ ደቂቃ ሲዘገይብኝ የምነጫነጭ ሰው ዘጠኝ ቀን! ከቢሮው መኪና ወጥቶ ወረቀት የሚሰጠኝን ስጠብቅ፣ ስልኬ ጢን አለ። ከማላውቀው ቁጥር የመጣ መልእክት ነው፦

«ኮረብታው ላይ ነኝ። አንድ መስመር አለ፣ ሳይጠፋ ልላክልሽ። ቀሚስሽን አሰፊ። ዳና።»

ሁለቴ አነበብኩት። ጣቴ ስክሪንሾት ሊያነሳ ሁለቱ ቁልፎች ላይ አርፎ ነበር። አነሳሁት፤ ጣቴን ማለቴ ነው።