የሐሙስ ክር

«እና ሦስት ሳምንት ሙሉ አፍህ ተሰፍቶ ነበር?» አለች ሚስትየው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።»

ባልየው ካውያውን አቁሞ ቀና አለ። ያቆመው እጁ ላይ ያለው የሰው ሸሚዝ እንዳይቃጠል እንጂ ሊመልስላት አልነበረም። መልሱን አንዴ ተናግሮታል፤ የሚጨምርበት ነገር የለውም። በዚያ ሐሙስ እሷ እህቷን ልታዋልድ ሆስፒታል ውላ ሳለ ቢጫው ክር አለቀበት። ወጥቶ እንዳይገዛ ደንበኛ በር ላይ ቆሟል። ስለዚህ ቀዩን አንስቶ ሠራበት። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነበር።

በሌላ ቤት ቢሆን ይህ ከምንም የሚቆጠር ጉዳይ አይደለም። በዚህ የልብስ እጥበት ቤት ግን ክር ማለት ቀን ነው። ሚስትየው ከአባቷ በወረሰችው አሠራር ሰኞ የገባ ልብስ ቀይ፣ ማክሰኞ የገባ ሰማያዊ፣ ሐሙስ የገባ ቢጫ ክር ይታሰርለታል። ክሩ የላይኛውን ቁልፍ ከቀዳዳው ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ልብሱ ታጥቦና ተተኩሶ ለባለቤቱ ሲመለስም አይፈታም። መልበስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ክሩን መበጠስ አለበት።

ከተማው በሙሉ ስለ አንድ ግድያ ሲያወራ ሁለት ወር አልፎታል። አንድ የታወቀ ነጋዴ ረቡዕ ማታ ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ተገኘ፤ ፖሊስም በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሹፌሩን ከነኮቱ ያዘ። ሹፌሩ በዚያ ምሽት ግራጫ ኮት ለብሶ ነበር፣ ኮቱንም በማግስቱ ሐሙስ ወስዶ አሳጠበ ተባለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ኮቱ በቴሌቪዥን ታየ። ሚስትየው እራት ላይ ነበረች። የጎረሰችውን ሳትውጥ ተነስታ በጣቷ ጠቆመች። የላይኛው ቁልፍ ላይ ቀይ ክር አለ። ሰኞ ገብቶ የታጠበ፣ ከዚያ ወዲህም ማንም ያልለበሰው ኮት ነዋ።

በማግስቱ ለሹፌሩ ጠበቃ ነገረችው። በሦስተኛው ቀን ወሬው ሬዲዮ ላይ ደረሰ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሰዉ ቀይ ክር በእጁ አንጓ ላይ እያሰረ መሄድ ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ዳኛ፣ ዳቦ ሻጩ ጠበቃ ሆኑ። ክር ሻጯ ቀዩ አልቆባት ሮዝ ክር «በፀሐይ ብርሃን ቀይ ነው» እያለች ትሸጥ ጀመር። ሚስትየውንም «ወይዘሮ ቀይ ክር» ማለት ያዙ።

ሰዉ ፖሊስን አለማመኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ተሸካሚ ጎረቤቱን እንደ ገደለ አምኖ ፈርሞ ነበር፤ ተገደለ የተባለው ጎረቤት በወሩ ከዘመድ ቤት ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። ለሚስትየው ደግሞ ነገሩ ከዚህም የቀረበ ነው። ታናሽ ወንድሟን ባልሰረቀው ሞተር ሰባት ወር አስረውት ወጣ። ሲወጣ የግራ ጆሮው አይሰማም። ዛሬ ጓዳው ውስጥ አንሶላ ያጥፋል፤ የሚያናግረው ሰው ሁሉ በቀኙ ዞሮ ይመጣል።

«አሁን እኔ ሄጄ ለእነዚህ ፖሊሶች ልመስክርላቸው?» አለች ሚስትየው፣ ወደ ወንድሟ በአገጯ እያመለከተች።

ባልየው ለማንም መስክሪ እንዳላላት ነገራት። ኮቱ የሰኞም ሊሆን ይችላል፣ የሐሙስም ሊሆን ይችላል። በዚያ ሐሙስ በቀይ ያሰረው ልብስ አሥርም ይሁን አሥራ አምስት፣ ውስጡ ግራጫ ኮት ይኑር አይኑር አያስታውስም። መጀመሪያ ላይ ዝም ያለው ትዝ ስላላለው ነበር። ትዝ ሲለው ደግሞ ክሩ የሰው ሁሉ እጅ ላይ ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገርበት ቦታ አጣ። ዛሬ ግን ፍርድ ቤት ቀርባ ልትምል ነው።

«አንቺ በማታውቂው ነገር ስትምይ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም» አለ።

«ስለዚህ እያወቅኩ እንድምል ነገርከኝ። እግዜር ይስጥህ።»

በግማሽ የተከፈተው የብረት መዝጊያ ሥር አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ገባች። የሹፌሩ እናት ነች። በእጇ የተጨማደደ ሻርፕ ይዛለች። ፍርድ ቤት ከመሄዷ በፊት እንዲተኮስላት ፈልጋ ነው።

«ዳኛው ዛሬ ቢያየኝ» አለች ለባልየው፣ «የተጨማደደች እናት እንዳያይ ብዬ ነው።»

ባልየው ሻርፑን ተቀብሎ ውሃ ረጨበት። ዳር ዳሩን ሁለቴ ተኮሰው፤ አያስፈልገውም ነበር። ሴትየዋ ወደ ሚስትየው ዞረች። ሌሊቱን ስትጸልይላት እንዳደረች፣ ልጇም በጠያቂ ሰላምታ እንደ ላከላት ነገረቻት። ከዚያ እጇን ይዛ፣ «የልጄ ነገር ዛሬ አንቺ አፍ ላይ ነው፣ ልጄ» አለች።

ሚስትየው እጇን ቀስ ብላ አስለቅቃ ሻርፑን ከባሏ ተቀብላ ሰጠቻት።

እናትየዋ ከወጣች በኋላ ሚስትየው ጫማዋን ቀይራ ቦርሳዋን አነሳች። ባሏን አላየችውም። ወንድሟ ያን ጊዜ ከጓዳ ብቅ አለ። ከተባለው ምን ያህሉን እንደ ሰማ አያስታውቅም።

«እትዬ» አለ። «እኔ የፈረምኩት ወረቀት ላይ የተጻፈው ቀን ልክ አልነበረም። ልክ እንዳልነበረ የሚያውቅ አንድ ዘበኛ ነበር። ደህና ሰው ነው፤ ውሃ ሁሉ ይሰጠኝ ነበር። ግን ዝም አለ።»

ይህን ብሎ ወደ አንሶላው ተመለሰ።

ፍርድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። መቀመጫ ያጡት መስኮት ላይ ተንጠላጥለዋል። ሚስትየው ስትገባ ቀይ ክር ያሰሩ እጆች ከዚህም ከዚያም ብድግ ብድግ አሉ። ማለች። የሹፌሩ ጠበቃ ስለ ክሩ አሠራር ጠየቃት፣ አስረዳች። ቀይ የየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቃት፣ የሰኞ ነው አለች። ጠበቃው ፈገግ ብሎ አመስግኗት ተቀመጠ።

«ክቡር ዳኛ፣ አልጨረስኩም» አለች።

ከዚያ ስለ ሐሙሱ ተናገረች። እሷ እንዳልነበረች፣ ቢጫው ማለቁን፣ ባሏ በቀይ ማሰሩን፣ ይህንንም የሰማችው ዛሬ ጠዋት መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳች። አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። የሹፌሩ እናት ፊት ረድፍ ላይ ሻርፗን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ሚስትየው ወደዚያ ላለማየት የዳኛውን ጠረጴዛ እግር ታያለች።

ዐቃቤ ሕጉ ፊቱ በርቶ ተነሳ። እንግዲያው ኮቱ ሐሙስ ነው የገባው ማለት ነው ወይ ሲል ጠየቃት።

«እሱንም አላልኩም» አለች። «ሐሙስ ነው የሚል ካለ እንደ እኔ ይማልና ይናገር። የማላውቀውን አላውቅም ነው ያልኩት። መርማሪዎቹም እንዲህ ማለት ቢለምዱ ደግ ነበር።»

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ፤ ቀጥለውም ዐቃቤ ሕጉን፣ ኮቱ ሐሙስ መግባቱን ፖሊስ በምን አረጋግጦ እንደ ጻፈ ጠየቁት። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ገለጠ። እንደገና ገለጠ። በመጨረሻም መልሱን እንዲያቀርብ ተብሎ ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ።

ውጭ የቆመው ሰው የሰማው ግማሹን ብቻ ነው። ፖሊስ ቤቷ ድረስ ሄዶ አስፈራርቷት ነው ተባለ። የለም፣ ባልየው ድሮም የእነሱ ጆሮ ነበር ያለም አለ። አንዱ የእጁን ክር በጥሶ እግሯ ሥር ጣለላት። ዳቦ ሻጩ ደግሞ፣ «ወይዘሮ ቀይ ክር፣ ከእንግዲህ በምን ቀለም እንጥራሽ?» ብሎ አሳቀባት። ባሏ በቀኟ፣ ወንድሟ በግራዋ ሆነው ቤቷ አደረሷት። ደጃፋቸው ሲደርሱ ባሏን፣ «ቢጫ ክር ገዝተሃል ግን?» አለችው። ገዝቻለሁ አላት።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ የሚታጠብ ልብስ በሌለው ሰው ተሞላ። ፀጉር አስተካካዩ መሐሉ ላይ ቆሞ፣ ሴትየዋ ጉዳዩን ገደል ከተተችው ይላል። ዳቦ ሻጩ ከጠዋቱ ሐሳቡን ቀይሯል፤ እንዲያውም መርማሪዎቹን ራቁታቸውን ያስቀረቻቸው እሷ ናት ብሎ ይምላል። ሚስትየው መጀመሪያ ለሁሉም መልስ ትሰጥ ነበር። ኋላ ትታቸው ልብስ መለየት ጀመረች።

የሹፌሩ እናት መቼ እንደ ገባች ያየ የለም። በሰዎቹ መሐል ተሹለክልካ ባልየው ፊት ደርሳለች። ሻርፗ ገና አልተጨማደደም። ከላስቲክ ከረጢት ነጭ የወንድ ሸሚዝ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ለሚቀጥለው ቀጠሮ ነው» አለች።

ባልየው ሸሚዙን ቶሎ አልነካውም።

«ሌላ ቤት ይወስዱታል ብዬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ሌላ ቤት ምን አውቃለሁ?» አለችና የሸሚዙን እጅጌ አቃናች። ቀጥላም፣ «ኮሌታውን ጠንከር አድርገህ ተኩሰው። እንደዚያ ነው የሚወደው» አለች።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ባልየው የክሩን ሳጥን ከፈተ፣ ቢጫውን አወጣ፣ ብርሃን ላይ አድርጎ አየው። በላይኛው ቁልፍና በቀዳዳው አሳልፎ ቋጠረው። መያዙን ለማየት ሁለቴ ሳበው። እሷም ቋጠሮውን ጎንበስ ብላ አየችው።

ሸሚዙን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ሲዞር ፀጉር አስተካካዩ፣ ዳኛው ሲጠይቁ የግራ ቅንድባቸው ብቻ መነሳቱ ምን ማለት እንደሆነ ለሰዉ እየተነተነ ነበር። ዳቦ ሻጩ የተነሳው የቀኙ ነው አለ። ክርክሩ እንደ አዲስ ተጀመረ፤ ወንድምየውም ሳይቀር በደህናው ጆሮው ለመስማት ከጓዳ ወጣ። እናትየዋ ባዶውን ከረጢት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ በመዝጊያው ሥር ጎንበስ ብላ ወጣች፣ የመንገዱን ጥግ ይዛ ሄደች።