ሁለቱ ወገን የሳቁበት ቋንቋ

ጋምቤላ ክልል በሆነች በሦስተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ የአስተርጓሚው የኦቹዶ አንደበት ተዘጋ። ሦስት ቋንቋ ይዞ ስብሰባ የገባ ሰው አንዱንም ሳይዝ ወጣ።

ጉዳዩ የግጦሽ ነበር። በጋው ሲገባ የኑዌር ከብት ወደ ባሮ ዳርቻ ይወርዳል፤ የአኙዋክ የበቆሎ ማሳም እዚያው ነው። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ አይተማመኑም፤ ኦቹዶን ግን ሁለቱም ያምኑታል፤ አኙዋክ ሆኖ የኑዌር አማች ነዋ። ሚስቱ ኛማል የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ናትና፣ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

የኑዌሩ ሽማግሌ ቾል ተናግረው ሲጨርሱ ኦቹዶ ተነሣ። ድምፁ ወጣ፤ ቃሉ ግን አፉ ውስጥ ተልፈሰፈሰ።

«ዛሬስ አኙዋክኛው ጠነከረ!» አሉ ቾል በተሰባበረ አማርኛ።

የአኙዋኩ ሽማግሌ ኦሉም ከት ብለው ሳቁ። «የኛ አይደለም! የአማቶቹን ነው የሚያወራው!»

«ኧረ እኛ እንዲህ አናወራም!» አሉ ቾል።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከደጋ የመጡት ሰብሳቢም ፈገግ ብለው፣ «አቶ ኦቹዶ፣ ለእኔም በአማርኛ ይድገሙልኝ» አሉ።

ኛማል አልሳቀችም። ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች፤ የሰማችው ግን ቋንቋ አልነበረም። ቀና ብላ አየችው። የከንፈሩ ቀኝ ጫፍ ወርዷል። አባቷም ፑኝዶ ከተማ እንዲህ ሆነው፣ «ይተኙ፣ ይሻላቸዋል» ተብለው፣ ከዚያ እንቅልፍ አልነቁም።

ሄዳ ፊቱ ቆመች። «ሁለቱንም እጆችህን አንሣ።»

ግራው ተነሣ፤ ቀኙ ከጎኑ ቀረ።

«ሙቀቱ ነው፤ ውሃ ስጡት» አለ አንድ ሰው።

«ውሃ አይቅመስ፤ ትን ይለዋል። መኪና አምጡ።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ መረመረውና፣ «የአንጎል ደም ሥር ሕመም ነው» አለ። «መቼ ጀመረው?»

«ሲስቁ።»

«ከዚያ በፊትስ? መደንዘዝ አልነበረም?»

ኛማል ግድግዳውን አየች። «ጧት ጣቶቼ ደነዘዙ ብሎ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። እኔ ቆለፍኩለት።»

«መምጣት የነበረባችሁ ያኔ ነው» አለ ሐኪሙ፣ ያለ ቁጣ። «አሁንም ብዙ ስላልዘገያችሁ ነፍሱ የምትተርፍ ይመስለኛል። ንግግሩን ግን እንጃ።»

ማልቀስ እንደሚገባት ታውቃለች፤ እንባው ግን የሌላ ሰው ይመስል አልመጣም። ያወለቁለትን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አድርጋ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች።

ወደ ደጅ ስትወጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ቾል በኑዌርኛ፣ «ልጄ፣ ከብቱ መንገድ ላይ ነው። ኦሉም የሚሉትን ከእንግዲህ ማን ይነግረኛል?» አሏት።

«ምን አሉ?» አሉ ኦሉም።

በአኙዋክኛ ነገረቻቸው። ከዚያም ለሁለቱም፣ በየቋንቋቸው፣ «ስብሰባው ነገ ጧት ይቀጥላል። የማስተረጉመው እኔ ነኝ» አለች።