የጋቢናው ቀኝ በኩል

ወይም ሁለቱን ወፋፍራም የባሌስትራ ቅጠሎች አውጥቼ በምትካቸው የድሮዎቹን ቀጫጭኖች ብመልስ፣ አዎ፣ ቀጫጭኖቹን፣ የት እንዳሉ ባውቅ፣ ገዱ ሸጧቸው ይሆናል፣ ገዱ የማይሸጠው ምን አለ፣ ብቻ ባሌስትራው ይለሰልሳል፣ መኪናው ግን ይወርዳል፣ ሲወርድ ትልልቁ ጎማ ፓራፋንጎውን ይፈጨዋል፣ እንዳይፈጨው ፓራፋንጎውን መቁረጥ ነው፣ እሱ ከተቆረጠ ደግሞ ጭቃው ሁሉ ወደ ጋቢናው መስኮት፣ ሚስቴ ስጦታ ፊት ላይ። አይሆንም። እንደገና። ከባሌስትራው አይደለም የሚጀመረው፣ ከአክስሉ ነው፣ ከኋላው አክስል፣ በግራ በኩል የሚያጉረመርም ኩሽኔታ አለ፣ እሱን ለውጬ፣ አክስሉንም ሰፋ ባለ ብተካው፣ ሰፊ አክስል መወዛወዙን ይቀንሰዋል፣ ሰፊ አክስል ከየት? ከጎንደር። ጎንደር ድረስ ማን ይሄዳል፣ መንገዱስ ነገ ክፍት ይሆናል ወይ፣ እሺ ተገኘ እንበል፣ ከዚያ ቸርኬው አይገጥምም፣ ከዚያ ፍሬኑ።

ግንባሬ ላይ ዘይት ጠብ ይላል። ደባርቅ፣ የገዱ ጋራዥ ግቢ፣ ካርቶን ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ ከገዛ ፒክአፔ ሥር ነኝ፣ ነፋሱ ከተራራው በኩል እየመጣ በመኪናው ሆድና በእኔ ሆድ መካከል ያልፋል። የሺዋስ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ? ይላል ገዱ፣ የሚታዩኝ ጫማዎቹ ብቻ ናቸው። እያሰብኩ ነው። አስብ፣ ማሰብ አያስከፍልም፣ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ያው ባሌስትራ ላይ አፍጥጠህ ምን ወለደልህ? ምን ወለደልህ አለ፣ ቃል አጥቶ፣ ሌላ ቃል አጥቶ።

እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ይኸን መኪና። ድሮ ዝቅ ያለ ነበር፣ የጃናሞራ ድንጋይ ሻንሲውን ሲልሰው ይውላል፣ እኔም ዛሪማ ላይ ከወደቀ የጭነት መኪና ወፋፍራም ቅጠሎች ፈትቼ አመጣሁ፣ ገዱ ጨመራቸው፣ ጎማውም ተለቀ፣ ዳባት ድረስ ሄጄ ለስፖንዳው ወፍራም ላሜራ አስበየድኩ፣ ገበያ መሃል ሳቆመው ሰው ቀና ብሎ ነበር የሚያየው። ገብስም ድንችም ጭኖ ከጃናሞራ ሲመጣ እንደ ቄስ ነው የሚራመደው፣ ጨዋ ነው፣ ባዶውን ሲሆን ግን እንደ ፍየል ይዘላል። ታዲያ ከኋላ አሸዋ ብጭንበትስ? ገዱ ነው ያለው፣ አሸዋ ጫንበትና ይረጋል። አሸዋ ጭኖ ነፍሰ ጡር ይዞ የጨነቅን ዳገት መውጣት፣ ፍሬኑ ቁልቁለቱ ላይ ቢግልስ፣ አይ፣ አሸዋው ይቅር፣ ሾክ አብዞርበሮቹ አራቱም ይቀየሩ፣ የፊቶቹ ላሽቀዋል፣ እጄን ሳሳርፍባቸው እንኳ ይቃትታሉ።

ስጦታ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያችን ነው። ባለፈው ትንሽ ደም ታይቷት ሆስፒታል ሄድን፣ አዋላጇ ሲስተር ሕሊና ሆዷን ዳብሳ፣ አዳምጣ፣ ልጁ ደህና ነው አለች፣ ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ አንተ ሾፌር ነህ አይደል፣ እንግዲህ ስማኝ፣ ኮረኮንች መንገድ የለም፣ እስክትወልድ ድረስ የለም፣ ገባህ? ገብቶኛል። አዎ ሲስተር። ገብቶኛል እያልኩ ወጣሁ፣ በራፉ ላይ ስጦታ፣ ታዲያ እማዬ ጋ እንዴት ልሄድ ነው? አለችኝ፣ እኔም፣ መኪናውን አስተካክለዋለሁ፣ አልኳት። አፌ ነው ያለው። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው፣ እንዲህ ነው የተገኘነው ሁላችን፣ እናቷ ጃናሞራ መደቡን ለቅልቀው፣ ለገንፎው ገብሱን አስፈጭተው፣ ማሩን በቅል አስቀምጠው፣ ጎረቤቱም የማርያም ማኅበርተኛውም ልጃቸው መቼ እንደምትመጣ እየጠየቀ ነው፣ ስጦታ በስልክ ስታወራቸው እሰማለሁ፣ እሺ እማ፣ እሺ፣ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ነው እኮ፣ ሲወጣ። ሲወጣ። ደም እንደታያት አልነገረቻቸውም። እንዳይደነግጡ ነው አለች። ትፈልጋለች ወይ መሄድ? አንተ እንዳልክ፣ ትላለች። እኔ እንዳልኩ! እኔ ምን አልኩ፣ እኔ ያልኩት ሾክ አብዞርበር ነው።

እሺ፣ ጋቢናው ይቅር፣ ከኋላ ትተኛ፣ ስፖንዳውን ዙሪያውን በፍራሽ አልብሼ፣ ከላይ ሸራ፣ ደግሞ እንዲህ ቢሆንስ፣ አልጋው ወለሉን ሳይነካ፣ በአራቱ ማዕዘን ብረት አቁሜ፣ በጠፍር አንጠልጥዬው፣ መኪናው ሲዘል አልጋው አየር ላይ ይቀራል፣ ጎበዝ፣ ይኸ ነው፣ ገዱ! ጠፍር አልጋ ቢንጠለጠልስ? ገዱ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ያሳየኛል፣ ቅባት ጠግቦ፣ ይስቃል፣ ያ ሁሉ ጌጥ ለሙሽራ ነው ወይስ ለሬሳ… አፍህን ዝጋ፣ እለዋለሁ፣ አፍህን ዝጋ ገዱ! ድምፄ ከመኪናው ብረት ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ሳቁን ይውጣል። ይቅርታ፣ ይላል፣ በል ውጣ፣ ያንን ኩሽኔታ እየሄደ ልስማው፣ እኔ ልንዳ፣ አንተ አጠገቤ ሁንና ከየት በኩል እንደሚጮህ ንገረኝ።

አጠገቤ። የጋቢናውን ቀኝ በር እከፍታለሁ፣ እጄ መያዣ ይፈልጋል፣ የለም፣ በጉልበቴ ተንጠላጥዬ እወጣለሁ፣ ወንበሩ እንግዳ ነው፣ መስተዋቱ ሌላ ነገር ያሳያል። ገርሞኛል። ስንት ዘመን ነዳሁት፣ የቱሪስት ሎጁን ዕቃ፣ የአስተማሪዎቹን ጓዝ፣ ገብሱን፣ በዚህ በኩል ግን አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም፣ የማን መኪና ነው ቢሉኝ የኔ ነው የምል ሰው በግማሹ ነው የማውቀው። ገዱ ማርሽ ያስገባል፣ ከአስፋልቱ ወጥተን የቡይት ራስን መንገድ እንይዛለን፣ ኮረኮንቹ ይጀምራል።

ኧ! ጭንቅላቴ። መሪ የያዘ ሰው መሪው ይይዘዋል፣ ጉድጓዱንም ቀድሞ ያየዋል፣ ወገቡን ያዘጋጃል፣ እዚህ ግን ድንጋዩ ሳይነግረኝ ነው የሚመጣው፣ ከታች ይመታኛል፣ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ስወርድ ሆዴ ከኋላዬ ይወርዳል፣ ባዶ ሆዴ፣ ምንም የሌለበት ሆዴ። ቀስ በል ገዱ። ቀስ ብዬ ነው እኮ የምሄደው። እጄ የሚይዘው ሲያጣ ዳሽቦርዱ ጠርዝ ላይ ያርፋል፣ ያርፍና ጎድጎድ ያለ ነገር ውስጥ ይገባል። አየዋለሁ። ፕላስቲኩ ሁለት ቦታ ላይ ተበልቷል፣ ጎን ለጎን፣ ጠርዙ ልሟል፣ ጥቁሩ ገርጥቷል፣ ከኔ እጅ ያነሰ እጅ ነው የያዘው። ሌላ ሰው አይደለም፣ ሌላውን ከኋላ ነው የምጭነው፣ እዚህ የምትቀመጠው ስጦታ ናት፣ ከሠርጉ ጀምሮ፣ ለፋሲካ፣ ለእናቷ ተዝካር፣ ምን እላለሁ የአባቷ ተዝካር ነው፣ ለማርያም፣ ወጥተን ወርደን፣ ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። አመመሽ? ኧረ ምንም አልሆንኩም፣ መንገዱን እይ። እኔም መንገዱን ሳይ ነበር። እየዘፈንኩ።

ሰማኸው? ከግራ ነው አይደል? ይላል ገዱ። ምን? ኩሽኔታው! አልሰማሁትም፣ ገዱ፣ አቁመው። ምን ሆነ? አቁመው ብዬሃለሁ።

ያቆማል። እወርዳለሁ፣ ነፋሱ ጆሮዬን ይቆርጠዋል፣ ከታች ማሳው ታጭዶ ክምሩ ቆሟል። አክስሉ ቢሰፋ። ባሌስትራው ቢሳሳ። ጠፍር አልጋ ቢንጠለጠል፣ ፍራሽ በፍራሽ ላይ ቢነጠፍ፣ መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ከሳንቃበር ወዲያ ያለው ደግሞ ይኸን እንኳ የሚያስመርቅ ነው፣ ይኸን አላውቅም? አውቃለሁ። ሲስተር ሕሊና ሳትነግረኝ በፊት አውቃለሁ። ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ካርቶን ላይ ምን አጋደመኝ? በል እንግዲህ፣ ተናገር የሺዋስ፣ እዚህ ከነፋስ በቀር የሚሰማህ የለም። አማቴን ፈርቼ ነው።

ለእሳቸው አትመጣም ማለት ነው የከበደኝ። ሙሉ አክስል ከመኪና ማውጣት ይቀለኛል። ወይዘሮ ደብረወርቅን ስማቸውን እንኳ ጠርቼ አላውቅም፣ አማት ናቸዋ፣ በሠርጉ ጉልበት ስሜ፣ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ስገባ ከበሩ አጠገብ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ የሚሰጡኝን በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ለመሬቱ ተናግሬ፣ ከእሳቸው የማውቀው የቀሚሳቸውን ጫፍና ላስቲክ ጫማቸውን ነው። ስልክም ቢሆን ሰላም በይልኝ ነው፣ በስጦታ በኩል፣ እሳቸውም ሰላም በይልኝ፣ በስጦታ በኩል። እንዲህ ነው የሚከባበሩት አማትና አማች። እና ክብሬን ጠብቄ ልጃቸውን በዚህ መንገድ ላይ ላንከባልላት ነው።

ስልኬን አወጣለሁ። ቁጥሩ አለ፣ እማዬ ይላል፣ ስጦታ ናት የመዘገበችው። ለማን ነው? ይላል ገዱ። ዝም በል። ይጠራል። ይጠራል። አያነሱም፣ ተመስገን አያነሱም፣ ማታ ስጦታ ትደውልላቸው…

ሃሎ? ማን ልበል?

እኔ ነኝ። የሺዋስ ነኝ።

የሺዋስ? ልጄን ምን አገኘብኝ! ኧረ በማርያም፣ ንገረኝ፣ ልጄን ምን አገኘብኝ!

ለካ እንዲህ ነው፣ ለካ እኔ ስደውል መርዶ ነው። ደህና ናት እናቴ፣ ደህና ናት፣ ቤት ናት፣ በልታለች፣ እርስዎ አይደንግጡ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነገር ኖሮኝ ነው፣ ልጅዎን ማምጣት አልችልም። መንገዱ ይጎዳታል። ትንሽ ደም ታይቷት ነበር፣ አሁን ደህና ናት፣ ሐኪሟ ከልክላለች፣ እኔም፣ እኔም ከልክያለሁ። እዚሁ ትወልዳለች። እርስዎ ይምጡልን። ወጉ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ የአማች ቤት መሆኑን አውቃለሁ፣ ሰውም ያወራል፣ እኔ መጥቼ ልውሰድዎት፣ ይኼው ነው።

ዶሮ ብቻ ይሰማል ከወዲያ። ኔትወርኩ ሄደ? እናቴ?

አለሁ፣ ይላሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኗል። አለሁ ልጄ። እኔስ ያን ገደል እያሰብሁ እንቅልፌን አጥቼ ነው የሰነበትሁ። አትምጪ እንዳልል እናቷ በሯን ዘጋችባት ይላሉ፣ ነይ እንዳልል ያ መንገድ አለ። ማንስ ይገላግለኝ ነበር። ተመስገን ድንግል። እመጣለሁ፣ ዱቄቱንም ማሩንም ይዤ እመጣለሁ፣ የሚያወራም ያውራ። ብቻ፣ የኔ ልጅ፣ ያ መኪናህ ሰማይ ላይ ነው እኮ የሰቀልኸው፣ እኔ አሮጊቷ እንዴት አድርጌ ነው የምወጣው?

አስተካክለዋለሁ፣ እላለሁ። አፌ ነው ያለው፣ ግን አሁን እኔም አብሬው ነኝ።

ገዱ፣ ባሌስትራው እንዳለ ይቅር። አክስሉም ይቅር? አክስሉም ይቅር፣ ስመለስ እንደ ድንጋይ የሚከብድ የዱቄት ጆንያ ይጫንበታል፣ ይረጋል፣ ኩሽኔታውን ብቻ ቀይርልኝ፣ ደግሞ ብረት ፈልግ፣ ወፍራም፣ ከቀኙ በር ሥር መወጣጫ በይድልኝ፣ ከላይም እጅ የሚይዘው ነገር፣ ለዛሬ፣ ነገ ጠዋት ልነሳበት። እሱስ ቀላል ነው፣ ይላል ገዱ እጁን ከጉልበቱ በታች እያደረገ፣ የመወጣጫ ልክ እንደ ሰውየው ነው፣ ሴትዮዋ ቁመታቸው ምን ያህል ነው?

ቁመታቸው። አስባለሁ፣ የቀሚስ ጫፍ፣ ላስቲክ ጫማ፣ ከዚያ በላይ ምንም የለም፣ ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም። ለስጦታ እደውላለሁ።

ስጦታ፣ እናትሽ ቁመታቸው ምን ያህል ነው? ምን? ቁመታቸው፣ ካንቺ ይረዝማሉ ወይስ ያጥራሉ? የእማዬ ቁመት ምን ያደርግልሃል፣ ጠጥተሃል እንዴ? አልጠጣሁም፣ ለመወጣጫ ነው፣ ገዱ ልኩን እየጠበቀ ነው። የምን መወጣጫ? የመኪናው ነዋ፣ በቀኝ በኩል፣ ላንቺ አይደለም። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይመጣል። የሺዋስ፣ ትላለች፣ ደውለህላት ነው? አንተ? ንገሪኝ እንጂ፣ እላለሁ፣ ያጥራሉ? ታጥራለች፣ ትላለች እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ አላውቅም የቱ እንደሆነ፣ እማዬ በጣም አጭር ናት፣ ዝቅ አድርጋችሁ ሥሩት፣ ዝቅ ይበል።