ያላመንነው ገጽ

በመጽሐፍ ክበባችን የሰው የሕይወት ታሪክ ስናነብ፣ እያንዳንዳችን ያላመንነውን ገጽ በእርሳስ እናሰምርበታለን። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በአናጢው ጓደኛችን ሥራ ቤት የተሰበሰብነው አራት ነበርን፤ አናጢው፣ መምህሩ፣ እኔና የመጽሐፉ ደራሲ። ደራሲው ጡረታ የወጡ የእስር ቤት ጠባቂ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

«ጋሼ፣ በወጣትነቴ ሴቱ ሁሉ ይሞትልኝ ነበር ያሉት አልተዋጠልኝም» አለ መምህሩ።

«ቀናህ እንዴ!» አሉና ሳቅን።

አናጢው ግን አልሳቀም። ያሰመረበትን ገጽ ገልጦ አነበበ፤ «እስረኛው በገዛ ሸሚዙ ራሱን ሰቀለ።»

«ስሙን ባይጽፉትም ቀኑን ጽፈውታል። ወንድሜ ነው» አለ። «ከአልጋው ጎትታችሁ ስትወስዱት ሸሚዙ ቤት ቀርቷል። እናቴ እስከ ዛሬ አላጠበችውም። እንዴት ሞተ?»

ጋሼ ሊነሡ ሲሉ አናጢው አንገታቸውን ይዞ ፊታቸውን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ በተገጠመው የእንጨት መቆንጠጫ፣ በሞርሳው ውስጥ ከትቶ ያጠብቅ ጀመር። ጣቶቻቸው ጠቆሩ።

«ተው ወንድሜ፣ በፈጠረህ!» አለ መምህሩ። እኔ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«በቀበቶዬ ነው!» ብለው ጮኹ ጋሼ፣ ደም ከአፍንጫቸው እየወረደ። «ሌሎቹ እግሩን ያዙ፣ እኔ ጎተትኩ።»

«ሲሞት ምን አለ?» አለ አናጢው።

«አንተን ጠራ። ወንድሜ ይመጣል አለ።»

አናጢው የሞርሳውን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ አንድ ዙር ጨመረ። አጥንት ሲሰበር ሰማን። መምህሩ መለመኑን ተወ። ተነሥቶም በሩን ከውስጥ ቆለፈው።