በመዝገቡ ጠርዝ ላይ

«ያቺ ሴት ዛሬም መጣች» አለች ባይነሽ፣ የንፍሮውን ሳህን ለወንድሟ ሚስት እያቀበለች። «ዓይኗ ድንኳኑ ላይ አይደለም፤ ቤቱ ላይ ነው።»

እስከዳር ቀና አላለችም። «ማን ናት?»

«እኔ ልጠይቅሽ እንጂ! የወንድሜን ገበና ከሚስቱ በላይ ማን ያውቃል?»

መምህር ወርቅአፈራሁ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሃያ ዓመት ካስተማረበት ከኩታበር ገጠር ሰው በቡድን በቡድን ይመጣል። ይህቺ ግን ብቻዋን መጥታ ከኋላ ትቀመጥና ከዘመድ አብልጣ ታለቅሳለች። እስከዳር ሰው ፊት አንዲት ጠብታ አልወጣትም። «የተማረች ሴት ባሏንም በሥርዓት ነው የምትቀብር» ሲሉ ሰምታ አልፋለች።

ያላለፈችው ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ስልኩ ሲጮህ ባሏ ወደ ጓሮ መውጣት ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሲጮህ የደዋይዋን ስም አየች፦ «ሀናን ኮምቦልቻ»። መልሱን ፈርታ ሳትጠይቀው ቀረች። ከዚያ ታመመ። በሽተኛ ደግሞ በጥያቄ አይፋጠጥም።

ባይነሽ ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ሴትዮዋ ተነስታ እስከዳር ወዳለችበት ጓዳ በር መጣች። «እትዬ እስከዳር፣ አብሽሩ። አላህ ያጽናዎት። ሀናን እባላለሁ።»

«አውቄሻለሁ። ምን ፈልገሽ ነው?»

«ጋሼ አንድ አሮጌ የተማሪ መዝገብ ነበራቸው። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ዛሬ ሊወስደው ይመጣል አሉ። ከዚያ በፊት አንዴ ልየው ብዬ።»

«የባሌን ስልክ ስታስጮሂ የከረምሽው ለመዝገብ ነው?»

«ወላሂ ለሱ ነው!»

እስከዳር በሩን ዘጋችባት።

መዝገቡ ቁም ሣጥኑ ሥር፣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ሁሉ ሲነድ፣ ወርቅአፈራሁ ልብሱን ትቶ ይህን ብቻ አቅፎ ወጣ። «መልስላቸው እንጂ» ስትለው «ይቆይ» ይል ነበር።

ገለጠችው። ገበሬዎቹ ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ተሸክመው አቀበቱን በወጡበት ዓመት የተመዘገቡ ሠላሳ አንድ ልጆች። ስድስተኛዋ ሀናን። ጠርዙ ላይ፣ በደቃቅ እርሳስ፣ የባሏ እጅ ጽሑፍ፦

«ሀናንን ዳሯት። ስሟ ለወረዳ ስለተላለፈ፣ ልጅ ካልላክሁ እቀጣለሁ ብሎ አባቷ ታናሿን ፈትሂያን ተካ። ጎበዝ ናት። ዝም ብያለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በሩን ከፈተች።

«ግቢ፣ ፈትሂያ።»

ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «በዚህ ስም የጠራኝ ሰው ጠፍቶ ነበር» አለች። «እቴ ሀናን በወሊድ ሞተች። በስሟ ተማርኩ፤ ይኸው ኮምቦልቻ በስሟ አስተምራለሁ። አሁን የመምህራንን ማስረጃ ከድሮ መዝገብ ጋር እያመሳከሩ ነው። ጋሼ ‹አጠፋዋለሁ› ይሉኝና ‹እውነት ጽፌ እንዴት ልፋቀው፣ እጄ እምቢ አለኝ› ይላሉ። ገጹን ይቅደዱልኝ፣ እትዬ።»

«ገጹ ከጎደለ የሌሎቹ ሠላሳ ልጆች ማስረጃስ?» እስከዳር ጣቷን ጽሑፉ ላይ አሳረፈች። «ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«‹እስከዳር መዋሸት አይሆንላትም፤ አላስቸግራትም› ይሉ ነበር።»

ከውጭ ባይነሽ ጮኸች፦ «ርእሰ መምህሩ መጥተዋል! ሁለታችሁ ምን ትዶልታላችሁ?»

«መጣሁ በያቸው።»

የወርቅአፈራሁ ኮት ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ከኪሱ ላጲሱን አወጣች። ጽሑፉ እንደ ሰውየው አካሄድ ወደ ግራ ዘመም ያለ ነው። ፊደል በፊደል ፋቀችው። «ዝም ብያለሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ ከዚያ እሱንም ፋቀችው።

ርእሰ መምህሩ መዝገቡን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ጋሼ ሌላ የጻፉት ማስታወሻ ይኖር ይሆን?»

«የለም» አለች እስከዳር፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

ሲወጣ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። የላጲሱን ግራጫ ፍርፋሪ በመዳፏ ሰበሰበችና በነጠላዋ ጫፍ አጥብቃ ቋጠረችው።