ተዘቅዝቃ የመጣች ሙሽራ

ሚዛን ከተማ ውስጥ ደንበኛዋን የምትቆጣ ፎቶ አንሺ ካጋጠመቻችሁ ማህደር ናት በሉ፤ እኔ ነኝ። ሰዉ የሚፈልገው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጫማው ሳይቆረጥ፣ ጥርሱ ሳይታይ መነሳት ነው። እኔ ደግሞ የቡና ማድረቂያ አልጋ ስር ገብቼ፣ በሽቦው ቀዳዳ የለቃሚዎቹን ፊት ከታች ወደ ላይ አነሳለሁ። ኩሬ ላይ የሚታይ የሰው መልክ አንስቼ ገልብጬ አጥባለሁ። ለዚህ ነው እትዬ ማሚት ለልጃቸው ለንጋቷ ሠርግ ሲቀጥሩኝ አስቀድመው ያስማሉኝ። "በሠርጉ ቀን ማንንም እንዳትዘቀዝቂ!"

እሺ አልኩ። ምን ላድርግ?

በማለዳ ስደርስ ግን ቤቱ የሠርግ ቤት አይመስልም። የንጋቷ አባት ጋሽ ተረፈ ጓዳ ተኝተው፣ ማንንም አላናግርም ብለዋል። ከወር በፊት ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ ሲሰቅሉ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሯል። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አስሯቸው፣ ከአልጋው ንቅንቅ እንዳይሉ አስጠንቅቋል።

"ታዲያ ከነአልጋቸው አታወጧቸውም?" ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ማሚት አፈሩ። ለካ ያን ግዙፍ የዋንዛ አልጋ ጋሽ ተረፈ ራሳቸው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው የሠሩት። በበሩ አይወጣም።

ጓዳ ገብቼ ጋሽ ተረፈን "አይ አናጢ!" አልኳቸው።

"ተይኝ አንቺ ልጅ" አሉ። "ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ወግ ማዕረጓን ሳላይ አትግደለኝ እያልኩ ፈጣሪን ስለምን ኖሬ፣ ደጄ ላይ ስትዳር እኔ ቆርቆሮ ልቆጥር ነው?"

አንጀቴን በሉት። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ለተኛ ሰው ሰማይ ብቻ ነው የሚያሳየው። በመስታወት ሞከርን፤ የአንድ እንግዳ ጆሮ አሳያቸው። ያን ጊዜ ስቱዲዮዬ ውስጥ ብቻዬን ስጫወትበት የኖርኩት ነገር ትዝ አለኝ። መስኮቱን በወፍራም ጥቁር ሸራ ሸፈንኩ፤ የበሩን ስንጥቅ በጋቢ ወተፍኩ። ጓዳው ድቅድቅ ሲል ሸራውን በሚስማር አንድ ቦታ ብቻ በሳሁት።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ በኖራ የተቀባው ግድግዳ ላይ ደጁ በቀዳዳዋ ብርሃን ተስሎ መጣ! ዳሱ፣ ሙዙ፣ ሰዉ፣ ከነቀለሙ፣ ከነእንቅስቃሴው። ብቻ ሁሉም እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ነው።

"በስመ አብ!" አሉ እትዬ ማሚት። "ምለሽልኝ አልነበረም?"

ጋሽ ተረፈ ባሰባቸው። "ልጄን እንደ ገበያ ዶሮ ዘቅዝቀሽ ልታሳዪኝ ነው?"

"ይታገሱኛ!" ብዬ ተቆጣሁ። አራት ጎረምሶች ጠርቼ አልጋውን ቀስ ብለው እንዲያዞሩት አደረግኩ፤ ራስጌው ወደ ግድግዳው ሆነ። ትራሱን ነጠቅኳቸው። "አሁን እንደተንጋለሉ፣ አገጭዎን ወደ ላይ አድርገው ወደ ኋላ ይመልከቱ።"

ተንጋሎ የተዘቀዘቀውን ለሚያይ ሁሉም ይቃናል።

"ቆመዋል!" አሉ ጋሽ ተረፈ። "ሰዎቹ ቆመዋል! ኧረ ያ ፂማም ሥጋውን ሁለቴ አነሳ!"

ወዲያው ውጭ እልልታው ቀለጠ፤ ሙሽራው ፍቅሩ ከጌጫ ከተማ ሚዜዎቹን አስከትሎ ደረሰ። ካሜራዬን ይዤ ሮጥኩ። ንጋቷ ከሳሎን ወደ ፀሐዩ ስትወጣ አነሳኋት፤ ቀጥ አድርጌ፣ ከነጫማዋ። ያማረች ሙሽራ ናት፤ ፊቷ ግን አልፈካም። አባቷ ከጓዳ እያዩዋት እንደሆነ ማንም አልነገራትም።

ከምሳ በኋላ ሁለቱም ጉልበት ሊስሙ ጓዳ ገቡ። ንጋቷ የአባቷን ደህነኛውን ጉልበት ሳመችና እንባዋ መጣ። "አባዬ፣ ሳታየኝ ልሄድ ነው..."

"ማነው ያላየሽ?" አሉ። "ቀሚስሽን የዳሱ ካስማ ሲይዘው፣ ተንበርክኮ የፈታልሽ ማነው? ያ ሁሉ ሚዜ ቆሞ እያየ፣ ፍቅሩ ነው የተንበረከከው!"

ፍቅሩ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ፤ ያን ጊዜ ሌንስ ስቀይር አምልጦኛል። ንጋቷ እየሳቀች፣ እያለቀሰች ደረታቸው ላይ ወደቀች።

"እግሬን፣ ቀስ!" አሉ ጋሽ ተረፈ፣ እየሳቁ። ከዚያ የሙሽራውን እጅ ያዙ። "ልጄን ለማን እንደሰጠሁ በዓይኔ አይቻለሁ። ሂዱ፣ መርቄያችኋለሁ።"